ሁለቱ ቁራኞች

ሲኒማ ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣው በካሚዮን ተጭኖ ነው። ጣሊያኖቹ ነጭ አቡጀዲ ላይ የሚሄዱ፣ የሚበሉና የሚጣሉ ሰዎች ሊያሳዩን ነው ተብሎ አስቀድሞ ስለተወራ፣ እኔ ሰዎቹ ከነልብሳቸው ካሚዮኑ ሆድ ውስጥ ያሉ መስሎኝ ከኋላ ዞሬ በሸራው ቀዳዳ አጮለቅሁ። ያየሁት ሣጥንና ሽቦ ብቻ ነው። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ያን ሁሉ ሲንገጫገጩ መጥተው ደክሟቸው ሣጥናቸው ውስጥ ተኝተዋል አልኩና፣ እንዳልቀሰቅሳቸው በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ተመለስኩ።

በዚያ ዕድሜዬ የማየውን ሁሉ እንዲህ ነበር የምፈታው። የወተት ጥርሴ ገና ወልቆ አላለቀም። ዛሬ ከልጅ ልጆቼ ጋር የምጨቃጨቅ አሮጊት ሆኜ ሳስበው፣ ያን ሰሞን ዓይኔ ያላየው ነገር አልነበረም፤ የገባኝ ግን አንዱም አልነበረም።

አባቴ አሊዪና ጋሼ ሞገስ የበቅሎ ነጋዴዎች ነበሩ። ጥጥና በርበሬ ጭነው ወደ ደጋ ይወጣሉ፣ ገብስና ባቄላ ጭነው ይመለሳሉ። አባቴ የይፋት እስላም፣ ቀጭን ረጅም፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነበር። ጋሼ ሞገስ የደጋ ክርስቲያን፣ ራሰ በራ፣ ቦርጫም፣ አንዴ አፉን ከከፈተ ጸሐይ እስክትጠልቅ የማይዘጋ። መንገድ ሲያድሩ አንድ እሳት አንድደው ሁለት ድስት ይጥዳሉ፤ የአንዱ ቢላ ያረደውን ሌላው አይቀምስም። በረመዳን ጋሼ ሞገስ ውሃ ሲጠማው ከዛፍ ኋላ ተደብቆ ነው የሚጠጣው፤ አባቴም በሁዳዴ ወተቱን የሚጠጣው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። እናቴ ዘምዘም፣ "ከኔ ጋር ከኖረው ከሞገስ ጋር የኖረው ይበልጣል" ትል ነበር። ትንሽም ሳትቀና አልቀረችም።

ጣሊያን መንገዱን ጠርጎ ካሚዮን ሲነዳበት የበቅሎ ንግድ ሞተ። ሁለቱ ሰዎች በራችን ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ካሚዮን ማየት ሆነ ሥራቸው። ጋሼ ሞገስ ለየካሚዮኑ ስም ያወጣል፤ አንዱን ሳለኛው፣ አንዱን አህያ ፈጁ፣ አንዱን ደግሞ አማቴ ብሎት ነበር። አባቴ ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል።

ከዚያ የጋሼ ሞገስ ታናሽ ወንድም በቀለ ጫካ ገባ። አርበኞቹ ከላይ ከገደሉ እየወረዱ መንገድ ሲመቱ፣ ከመካከላቸው በቀለ እንዳለ ታወቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ሞገስ በየማለዳው ሮቢ ድልድይ ላይ ከተተከለው ኬላ ሄዶ መታየት ነበረበት። ድልድዩን መሻገር ተከልክሏል። በወንዙ ዳርና ዳር ባንዳ ስለሚዞር ሌላ መውጫም የለው። እኔ ግን በየቀኑ ወደ ኬላው የሚሄደው ዘቦቹን ሊያስቃቸው ይመስለኝ ነበር፤ ያውም ያስቃቸው ነበር።

ሲኒማው የታየ ዕለት አመሻሽ ላይ ከተማው አንድም ሰው ሳይቀር ወንዝ ዳር ወጣ። አቡጀዲው በሁለት ካሚዮኖች መሐል ተወጥሯል። ፊት ለፊት ጣሊያኖቹ ወንበር ላይ፣ ቀጥሎ ባንዳው፣ ከዚያ እኛ መሬት ላይ። እኔ በአባቴና በጋሼ ሞገስ መካከል ነበርኩ። ከፊታችን ሼህ አብዱረሂምና መምሬ ወልደማርያም አንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነዚህ ሁለት ሽማግሎች በእስላምና በክርስቲያን መካከል ጠብ ሲነሳ አብረው የሚያስታርቁ፣ ያስታረቁት ጠብ ዳግም ፈርሶ አያውቅም የሚባልላቸው ነበሩ።

በመጀመሪያ ወታደር ሲሰለፍ አሳዩን። ሰልፉ አላለቀም፤ ሰው ማዛጋት ጀመረ። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች መጡ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ድምፅ የላቸውም። አስተርጓሚው ብርሃኑ በትር ይዞ ከአቡጀዲው ጎን ቆመና "ይህ ወፍራሙ ነው፤ ያኛው ቀጭኑ ነው" አለ።

"ተባረክ፣ ባትነግረን ኖሮ ግራ ገብቶን ልናድር ነበር" አለ ጋሼ ሞገስ። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ጨርሶ ዝም አለ።

አንድ ጺማም ፖሊስ ሁለቱን ሰዎች ያዛቸውና የአንዱን እጅ ከሌላው እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት አሰረ። ምን እንዳጠፉ አልታወቀም። ፖሊሱ ወዲያው እግሩ አዳልጦት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ እንደታሰሩ እግሬ አውጪኝ አሉ። ይሄኔ ከተማው በሙሉ "ቁራኛ ናቸው" አለና እፎይ ብሎ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ የኩታቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ነበር አብረው የሚሄዱት። ቋጠሮውን የፈታ ሰው በደለኛ ነው። ስለዚህ አቡጀዲው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ዳኛ የሚሄዱ ባላጋራዎች መሆናቸውን ማንም አልተጠራጠረም። የቀረው ከሳሹ ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

"ቀጭኑ ነው ከሳሹ" አለ አባቴ፣ ለወትሮው አፉን የማይከፍተው። "ወፍራሙ ምን ጎድሎት ይከሳል?"

"የቀጭኑን አበላል አየኸው? የሰውየውን ምሳ በልቶበት ነው እንጂ!" አለ ጋሼ ሞገስ።

ሁለቱ ሰዎች የሰው ሠርግ ቤት ገቡ። ወፍራሙ ማንኪያ ሲያነሳ የቀጭኑ እጅ አብሮ ይነሳና ወጡ የሙሽራዋ ጉያ ይደፋል። ቀጭኑ ሊጨፍር ሲዘል ወፍራሙ ከነወንበሩ ይጎተታል። ሲተኙ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ከአልጋ ይወድቃል። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ሞገስ ሆዱን ይዞ እንባው ወረደ፤ የኔን ትከሻ ይደበድብ ነበር፤ ለሁለት ቀን አሞኛል። አንድ ቦታ ላይ ወንዝ ተሻገሩ። ቀጭኑ ዋና አያውቅም። ወፍራሙ አዝሎት ገባ፤ መሐል ሲደርስ ውሃው ዋጣቸው፤ እጃቸው ብቻ ከነሰንሰለቱ ከላይ ቀረ። ሳቁ ቀጥ አለ። ሼህ አብዱረሂም "ያ ረቢ" ሲሉ ሰማሁ፤ መምሬም አማተቡ። ሲወጡ ጊዜ ሁሉም እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ።

በመጨረሻ አንጥረኛ ሰንሰለቱን በመዶሻ ሰበረላቸው። እኔ አንጥረኛው ዳኛው መሰለኝ፤ መዶሻ ያለው ሰው ዳኛ ነው አልኩ። ሁለቱ ተጨባበጡና አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ መንገድ ሄዱ። ከዚያ ቀጭኑ ምግብ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ታየ። ማንኪያውን ሲያነሳ ቀስ ብሎ፣ ጎኑ ያለውን ሰው እንዳይጎትተው እየተጠነቀቀ ነው የሚያነሳው። ጎኑ ማንም የለም። ወፍራሙም የሆነ ቦታ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ ዳር ላይ ነው የተኛው፤ ግማሹን አልጋ ትቶታል። አቡጀዲው ነጭ ሆነ።

ማንም አልተነሳም። አባቴን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ረጥቧል። ላብ መሰለኝ፤ አገሩ ቆላ ነው።

ሼህ አብዱረሂም ብርሃኑን ጠሩና "ማን ረታ?" አሉት። ብርሃኑ ሄዶ ሲኒማውን የሚያዞረውን ጣሊያን ጠየቀ። ጣሊያኑ ሳቀ። "ማንም አልረታም፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል ነው የሚለው" አለ ብርሃኑ።

"ሳይፈረድ ፈትተው ለቀቋቸው?"

"አዎ ሼሁ።"

"ሳይታረቁም?" አሉ መምሬ። "በአገራቸው ሽማግሌ የሚባል የለም ማለት ነው?"

ሁለቱ ሽማግሎች ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ እያዘኑ ሲሄዱ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። በማግስቱም ወሬው ከአፋቸው አልጠፋም። እኒያን ሁለት ሰዎች እንደዚያ ሜዳ ላይ መተው ነውር ነው፣ አንድ ሰው ከመሐል ገብቶ መንገድ ላይም ቢሆን ሊያስታርቃቸው ይገባ ነበር ሲሉ ዋሉ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ያለምክንያት አይደለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ብርሃኑ ከአባቴ ጋር እኩል መራመድ ጀመረ። ፊቱን ሳያዞር፣ የሽፍታ ዘመድ የተባለ ሁሉ ገበያው ሲያልፍ እንደሚያዝ ነገረው። "ከተያዙ ወዲያ መመለስ የለም። ያላችሁ እስከ ገበያው ድረስ ነው" አለው። እኔ በግልጽ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ሽፍታ ማለት ጸጉሩ የጎፈረ ሰው እንደሆነ አውቅ ስለነበር፣ ዘመዶቹም ጎፈሬዎች ናቸው አልኩ። ጋሼ ሞገስ ደግሞ ራሰ በራ ነው። ስለ እሱ ቅንጣት አልሰጋሁም።

በማግስቱ ሁለቱ ተጣሉ።

ጠዋት ነው፤ በራችን ላይ፤ ሰው በሚተላለፍበት ሰዓት። አባቴ ድንገት ተነሳና "ዳማ በቅሎዬን በጅብ አስነክሰህ ገደልክብኝ" አለ። ጋሼ ሞገስ "ዋሾ" አለው። አባቴ ዝም አለ። ቀጥሎ የሚለው የጠፋው ይመስል ነበር። ጋሼ ሞገስ "አንተ ቀጣፊ፣ አንተ ስስታም፣ በለኝ እንጂ፣ በልና ስደበኝ፣ ምን አለኝ ልትል ነው?" እያለ የሁለቱንም ድርሻ ብቻውን ተሳደበ። ሰው ተሰበሰበ። አባቴ አሁንም ቃል ፈለገ። ያኔ ጋሼ ሞገስ ድምፁን ዝቅ አደረገና "ወንድ ልጅ ያልወጣልህ ለዚህ ነው" አለው። ከኔ በፊት ሁለት ወንድ ልጆች ሞተውብናል። ሁለቱንም ከአባቴ ጋር ተሸክሞ የቀበራቸው ጋሼ ሞገስ ነው። አባቴ በጥፊ አጮለው።

ኋላ እናቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው። የሲኒማው ምሽት ሁለቱ ጥጥ ቤት ገብተው ጠቡን ሲያጠኑት ነበር። ዘዴው ከሲኒማው ተገኘ። ዳኝነት ፈልገው ወደ ደብረ ሲናው ሹም የሚሄዱ ባለጉዳዮችን ኬላው አያስቆምም፤ ጣሊያን፣ ሰው ወደ እሱ ችሎት ሲመጣ ደስ ይለዋል። ከሳሹ ደግሞ እስላም ከሆነ ይበልጥ ያምነዋል። እንግዲያስ አባቴ ይከሳል፤ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ድልድዩን ያልፋሉ፤ አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ጋሼ ሞገስ ቋጠሮውን ፈትቶ በገደሉ ወደ በቀለ ይወጣል። አባቴም "ተከሳሼ አመለጠኝ" እያለ እየጮኸ ይመለሳል። ችግሩ አባቴ ስድብ አለማወቁ ነበር። ጋሼ ሞገስ "በል ስደበኝ" እያለ ሲያስተምረው፣ አባቴ ሲሳሳት፣ ሁለቱም ሳቃቸውን በጥጥ ከረጢት አፍነው ነው ያመሹት። ስለ ሞቱት ልጆች የተናገረው ግን ጥናቱ ላይ አልነበረም። "አባትሽን የሚያስቆጣ ሌላ ነገር አጣ" አለችኝ እናቴ።

እኔ ያን አላወቅሁም። እኔ ያየሁት ዓለም ስትፈርስ ነው። ከበሩ ሥር ተደብቄ አለቀስኩ፤ ማንም አልፈለገኝም።

ሽማግሎቹ እስከ ምሽት ሲለምኑ ዋሉ። አባቴ ሼሁን ዓይናቸውን ሳያይ "አልታረቅም፤ ዳኛ ዘንድ ነው የምሄደው" አለ። በይፋት ምድር ሽማግሌን እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው አላውቅም። መምሬ "የኛን አገር ጠብ ለፈረንጅ ልትሰጡት?" አሉ። ጋሼ ሞገስ "እኔ ጥፋት የለብኝም፣ ይውሰደኝ" አላቸው። ሼህ አብዱረሂም ሲወጡ በራችን ላይ ቆመው "ወላሂ እንደነዚያ ሁለት ሰዎች ሜዳ ላይ አንተዋቸውም" አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። ለቅሉ አዘንኩ፤ ደህና ቅል ነበር።

በነጋታው ማለዳ፣ የገበያው ዋዜማ፣ አባቴ ከደጃችን ቆሞ "በሕግ አምላክ" አለና የኩታውን ጫፍ ዘረጋ። ጋሼ ሞገስም የራሱን ዘረጋ። ምስክር ባለበት ሁለቱን ጫፎች ቋጠሩ። የቋጠረው ጋሼ ሞገስ ነው። እናቴ ስንቅ ሰጠቻቸው፤ የእስላምም የክርስቲያንም ያልሆነ፣ ሽንብራ ቆሎና የማሽላ ቂጣ፣ ሳምንት የሚያቆይ። ለጠላት ይህን ያህል ቆሎ ለምን ትሰጣለች ብዬ ተናደድኩ። ወደ ደብረ ሲና ለሚሄድ ሰው የሳምንት ስንቅ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ የለም።

ወደ ድልድዩ ሲሄዱ ከኋላ ብዙ ሰው ተከተለ፤ ባንዳም ነበረበት። እኔም ተከተልኩ። ሁለቱ አይነጋገሩም፣ ግን እርምጃቸው አንድ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከበቅሎ ኋላ አብረው የሄዱበት እርምጃ። አባቴ ድንጋይ ሲዘል ጋሼ ሞገስ አብሮ ይዘላል። ቋጠሮው አንዴም አልተወጠረም። ሰው ግን ያየው ቋጠሮውን ብቻ ነው።

ከመንገዱ ዳር ሼህ አብዱረሂምና መምሬ ወልደማርያም እየሮጡ መጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ ያኔ ነው ያየሁት። እናቴ ከሕዝቡ መሐል ወጥታ የሼሁን ኩታ ያዘች። "ተዋቸው አባቴ፣ ይሂዱ፣ አላህ ያውቃል" አለች።

"አንቺ ልጄ፣ ዕርቅ ትጠያለሽ?"

"አልጠላም። ግን ይሂዱ።"

አንድ ባንዳ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ከዚህ ሌላ ልትናገር የምትችለው አልነበራትም። ሼሁ እጇን ቀስ ብለው አላቀቁና ሮጡ። እኔም ደስ ብሎኝ ከኋላቸው ሮጥኩ።

ሁለቱ ቁራኞች ድልድዩ አፍ ላይ ደርሰው፣ ዘቡ "እለፉ" ብሎ መንገድ የሚዘጋውን ግንድ ካነሳላቸው በኋላ ነው ሽማግሎቹ የቀደሟቸው። ቀደሟቸውና ከፊታቸው ድልድዩ ላይ ተጋደሙ። ሼሁ በግራ፣ መምሬ በቀኝ፣ በጀርባቸው።

"መሄድ ከፈለጋችሁ ረግጣችሁን እለፉ" አሉ መምሬ።

አባቴ ቆመ። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ባዶ ነው፤ አቀበቱ ከዚህ ይታያል። "ሼሁ፣ ተነሱ" አለ። "በአላህ ይሁንብዎ ተነሱ።"

"ታረቁና እነሳለሁ።"

"አልታረቅም!" ብሎ ጮኸ አባቴ። በሕይወቴ አባቴ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ጋሼ ሞገስ በሽማግሎቹ መካከል በነበረችው ክፍተት እግሩን ሊያሳልፍ ሞከረ፤ መምሬ ቁርጭምጭሚቱን ይዘው ሳሙት። የሳመውን ሽማግሌ ረግጦ የሚያልፍ ሰው ደግሞ በዚያ አገር አልተወለደም።

በዚህ መሐል ከማዶ ሦስት ካሚዮኖች ደርሰው ቆሙ፤ ጥሩምባቸውን ነፉ። የኬላው ጣሊያን መኮንን እየተራገመ ወጣ። ብርሃኑ ከኋላው ነበር።

"ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ መኮንኑ።

ብርሃኑ ገጹ አመድ መስሏል። እሱ ሁሉንም ያውቃል። በጣሊያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ፤ እጁን ወደ አቀበቱ ደጋግሞ ዘረጋ። ምን እንዳለ ኋላ ለአባቴ ነግሮታል። "ከባድ ክስ ነው፣ በሽማግሌ አያልቅም፣ ሹሙ ራሳቸው ይዩት፣ ሽማግሎቹን አስነስቼ ላሳልፋቸው" ነው ያለው። መኮንኑ ግን አይሰማውም ነበር። ወፍራሙን ያያል፣ ቀጭኑን ያያል፣ የተቋጠረውን ኩታ ያያል። ፊቱ እየበራ መጣ። ከትናንት በስቲያ የታየውን ሲኒማ እሱም ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቷል። ሹፌሮቹን ጠርቶ በጣቱ እያመለከተ ሳቀ፤ ሹፌሮቹም ሳቁ። ከዚያ ከኪሱ ሰንጢ አወጣና መጥቶ ቋጠሮውን በገዛ እጁ ቆረጠው። የሁለቱን ጭንቅላት ይዞ አጋጠማቸውና አንድ ነገር አለ።

ብርሃኑ አልተረጎመም። መኮንኑ ዞሮ አየው።

"ተሳሳሙ ይላችኋል" አለ ብርሃኑ። "ክሱ አልቋል። ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ይላችኋል።"

አባቴና ጋሼ ሞገስ ተቃቀፉ። ሼሁና መምሬ ከመሬት ተነስተው አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ አለቀሱ። ሴቶች እልል አሉ። አባቴ በጓደኛው ትከሻ ላይ ፊቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋሼ ሞገስ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና አባቴ ቀና ብሎ ሳቀ። ጋሼ ሞገስም ሳቀ። በዚያ ድልድይ ላይ ከኔ የበለጠ የተደሰተ ሰው አልነበረም፤ ዘለልኩ፣ ጋሼ ሞገስ አነሳኝና ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። በጆሮው የነገረው "አታልቅስ፤ ባንዳው እያየን ነው፤ ደስ ያለን እንምሰል" የሚል ነበር።

ያን ቀን ማምሻውን ሌላ ነገር መሞከር ይቻል ነበር ትሉ ይሆናል። እናቴንም ይህን ጠይቄአታለሁ። ዕርቅ ግን ያለ ድግስ አይጸናም። ሽማግሎቹ ሁለቱን ወደ ሼሁ ግቢ ወሰዷቸው። አንድ በግ በእስላም ቢላ፣ አንድ በግ በክርስቲያን ቢላ ታረደ። ከተማው ገባ፤ ባንዳውም ሊበላ መጣ። ሁለቱን መሐል አስቀምጠው ሰው ከበባቸው፤ ሽንት ሊሸና የወጣውን እንኳ እየመረቁ አጅበው ይመልሱት ነበር። ጋሼ ሞገስ ያን ምሽት እንደ ልማዱ ሁሉንም ሰው አሳቀ። አባቴ ቁራጭ ሥጋ አልዋጠም።

ካሚዮኑ ገበያውን አልጠበቀም። ጎህ ሲቀድ መጣ። ጋሼ ሞገስን ከሼሁ ደጅ፣ ከሌሎች የአርበኛ ዘመዶች ጋር ጭነው ወደ ጀውሃ በኩል ወሰዱት። ተኩሱን የጀውሃ ገበሬዎች ሰምተዋል። ጉድጓዱ የት እንደሆነ ግን ዛሬም የሚያሳይ ሰው የለም። አባቴ ቆላውን በእግሩ ዞረ፤ ያልፈነቀለው ቋጥኝ የለም። የሚቀበር ነገር ሳያገኝ ቀረ።

ከተማው ተነጋገረ። ሊከሰው የነበረው ማን ነው? አሊዪ። ዕርቁን እምቢ ያለው ማን ነው? አሊዪ። ካሚዮኑ በዚያው ሌሊት እንዴት መጣ? መልሱን ሁሉም በራሱ ሞላው። ሼሁና መምሬም ሳይቀሩ "እኛ አስታረቅን፤ ሰውየው ግን ቂሙን ደብቆት ኖሯል" አሉ። በራችን ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እናቴ ተናገር ብትለው አባቴ "እኒህ ሽማግሎች ያስታረቁት ሰው በዕርቃቸው ሞተ ብዬ ልንገራቸው? ከዚያ በኋላ ማንን ሊያስታርቁ ይወጣሉ?" አላት። አስማላትም። መሐላዋን ጠብቃ የነገረችኝ አባቴም ሁለቱ ሽማግሎችም ከሞቱ በኋላ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ በቀለ ጠመንጃውን ይዞ ከገደሉ ወረደ። አባቴን ሊገድል እንደመጣ ለማንም አልደበቀም። ሼህ አብዱረሂምና መምሬ ወልደማርያም፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በጣም አርጅተዋል፣ እንደገና በመሐል ገቡ። አባቴ እንደ ወጉ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት በበቀለ ፊት ቆመ። እኔ አሥራ ሁለት ወይ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

"አሊዪ፣ ልጄ" አሉ ሼሁ። "ወንድሙን አሳልፈህ የሰጠኸው አንተ ነህ?"

አባቴ ዝም አለ። በቀለ ጠመንጃውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ድልድዩ ላይ አስታርቀናችሁ ነበር እኮ" አሉ መምሬ። ዓይናቸው አያይም፤ አባቴን በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈልጉት ነበር። "በመሬት ላይ ተኝተን። ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ዕርቃችን ምን ጎድሎት ነው?"

አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና ለማለት ሞከረ፤ አልቻለም።

"ዕርቃችሁ ምንም አልጎደለውም አባ" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። በቀለ ረጅም ጊዜ አየውና "ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ። መልኩን ግን አታሳዩኝ" ብሎ ሄደ። ሽማግሎቹ መረቁ። መምሬ "ተመስገን" አሉ፤ ፊታቸው ተፈታ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደህና እንቅልፍ ሊተኛ ያለ ሰው ይመስሉ ነበር።

አባቴ ድንጋዩን አውርዶ ወደ ቤት መንገድ ስንጀምር እኔ ቀድሜው ሄድኩ። አጠገቡ መሄድ አልፈለግሁም። ጥቂት እንደሄድኩ ግን አላስችል አለኝና ዞሬ "አባ፣ እውነት ነው?" አልኩት።

እሱ ግን ወደ ኋላ ነበር የሚያየው። ሼህ አብዱረሂም በዱላቸው እየተመረኮዙ፣ ብቻቸውን ቁልቁለቱን እየወረዱ ነበር።

"ቀስ በይ ከዲጃ" አለኝ። "ሼሁ ደክመዋል። እንጠብቃቸው።"